ቀዳዳ ሁሉ ጉድለት ነውን?

በየሰፈራችን የዕቃ ጥንካሬ የሚመዘነው በክብደቱ ነው። ድስት የሚገዛ ሰው ድስቱን በእጁ አንሥቶ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከከበደው «ይህስ ብረት ነው» ይላል፤ ከቀለለው ግን «ይህ ቆርቆሮ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። መኪና የሚገዛም ሰው በሩን በኃይል ዘግቶ ድምፁን ያዳምጣል። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ከዚህ አስተሳሰብ የራቅሁ አልነበርሁም። ዛሬ ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ ያስለወጠኝም የሳሙና ቁራጭ የሚያህል፣ ቀዳዳ የሞላበት አንድ አሉሚኒየም ነው። ውድ አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ሐሳብ ይህ ነው፤ ቀዳዳ ጉድለት የሚሆነው ሳይጠሩት ሲመጣ ነው፤ ዐውቀው በቦታው ያኖሩት ቀዳዳ ግን እንደ ብረቱ ሁሉ ሥራ ይሠራል። ይህንንም ለይቶ ለማወቅ መጽሐፍ ብቻውን አይበቃም፤ የእጅ ልምድም ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ መገናኘት አለባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊዚክስ መምህራችን ውጭ አገር ከሚኖሩ ወዳጃቸው የተላከላቸውን ቁራጭ ይዘው አንድ ቀን ወደ ክፍል ገቡ። ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 5፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ነበር። «ይህ አሉሚኒየም ነው፤ ውሃ ውስጥ ብጨምረው ይሰጥማል ወይስ ይንሳፈፋል?» ብለው ጠየቁን። አሉሚኒየም ከውሃ 2.7 ጊዜ እንደሚከብድ ስለ ተማርን፣ ከሁለት ልጆች በቀር ሁላችንም «ይሰጥማል» ብለን እጃችንን አነሣን። ቁራጩ ተንሳፈፈ። በሚዛን ላይ ስናኖረው 60 ግራም ብቻ ሆነ። ያንኑ የሚያህል ደንዳና አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ 405 ግራም በመዘነ ነበር። እንግዲህ በእጃችን ይዘነው ከነበረው ነገር ከመቶ 15 እጅ ያህሉ ብረት፣ የቀረው 85 እጅ ባዶ ቦታ ነበር ማለት ነው።

መምህራችንን አስፈቅጄ ቁራጩን ለአባቴ ላሳያቸው ወደ መርካቶ ወሰድሁት። አባቴ ከቁራሌው ነጋዴ ያረጀ ድስትና የመኪና ፒስተን እየገዙ፣ አቅልጠው በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ በማፍሰስ ድስት የሚሠሩ ሰው ናቸው። ቁራጩን አገላብጠው አዩት፤ በጥፍራቸው ቧጠጡት፤ ከዚያም «ልጄ፣ ይህን የሠራው ሰው ቁርጥራጩን ሳያደርቅ ነው ያቀለጠው» አሉኝ። በዚያው ሰሞን አንዲት ሴት ወይዘሮ የገዙትን ድስት ከሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል ብለው መልሰውባቸው፣ ገንዘባቸውን ከፍለው ነበርና፣ ቀዳዳ ያለው ብረት ማየት ለአባቴ የሚያስደስት ነገር አልነበረም። «እንዲህ ያለው ለእኔ ቢመጣ መልሼ እሳት ውስጥ ነው የምከተው» ብለው ቁራጩን መለሱልኝ።

አባቴ ተሳስተዋልን? እኔ አልተሳሳቱም እላለሁ። የተናገሩት ስለ ድስት ነበርና። ነገር ግን ያ ቁራጭ ድስት እንዲሆን የተሠራ አልነበረም። ሰዎች የብረት አረፋ የሚሉት ነገር ነው።

የብረት አረፋ ማለት በውስጡ እጅግ ብዙ የጋዝ ቀዳዳዎች ያሉት ጠጣር ብረት ነው። እዚህ ላይ ብረት ስል አሉሚኒየምን፣ ኒኬልን፣ ታይታኒየምንና የመሳሰሉትን ሁሉ ማለቴ ነው። ከጠቅላላው ይዘቱ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 75 እስከ 95 እጅ የሚሆነው ባዶ ነው። ዐይነቱም ሁለት ነው። በአንደኛው እያንዳንዱ ቀዳዳ በገዛ ግድግዳው ተከብቦ ከጎረቤቱ የተለየ ነው፤ ይህን ዝግ አረፋ ልንለው እንችላለን፤ የእኛም ቁራጭ የተንሳፈፈው ውሃ ወደ ውስጡ ሊገባ ስላልቻለ ነው። በሁለተኛው ግን ግድግዳው የለም፤ የቀረው እንደ ሽቦ የቀጠነ አጥንት ብቻ ነው፤ አየርና ውሃ ባንዱ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ይህም ክፍት አረፋ ነው።

ተፈጥሮ ይህን ጥበብ ከሰው ልጅ አስቀድማ ትሠራበታለች። በስምጥ ሸለቆአችን የሚገኘው ፑሚስ የሚባለው ቀላል ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ በወጣ ጊዜ በውስጡ የነበረው ጋዝ አሳብጦት እንዳለ የረጋ ነው፤ ዛሬ ቀላል ብሎኬት ይሠራበታል። የገዛ ሰውነታችንም አጥንት ጫፉ ላይ ቢሰነጠቅ ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ ሆኖ ይታያል። እናቶቻችንም ቢሆኑ ዓይን የሌለው እንጀራ ሲወጣ ያዝናሉ እንጂ አይደሰቱም። እንግዲያስ ለእንጀራ ክብር የሆነው ቀዳዳ ለብረት ብቻ ነውር የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ነገር ግን ሊጥን ማቡካት እንጂ ብረትን ማቡካት ቀላል ሥራ አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1948 ቤንጃሚን ሶስኒክ የተባለ ሰው በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠው በሜርኩሪ ለሚሠራ አረፋ ነበር፤ ሜርኩሪውን ከአሉሚኒየም ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በግፊት አሙቆ፣ ግፊቱን ሲያላላው ሜርኩሪው ተንኖ ብረቱን ይነፋዋል። የሜርኩሪ እንፋሎት ግን መርዝ ነው። በ1956 ጆን ኤሊዮት የተባለ ሌላ አሜሪካዊ የተሻለ መንገድ አስመዘገበ፤ ይኸውም ሲሞቅ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ዱቄት ቀልጦ ባለ ብረት ውስጥ መጨመር ነው። ዛሬ ለዚህ ሥራ በብዛት የሚጠቅመው ታይታኒየም ሃይድራይድ የሚባለው ዱቄት ነው፤ ለብረቱ እርሾው እርሱ ነው።

አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቀልጦ ሲፈስ ግን እንደ ውሃ ቀጭን ስለ ሆነ አረፋ አይዝም፤ ጋዙ ወደ ላይ አምልጦ ይፈነዳል፤ የአረፋውም ግድግዳ ፈሳሹ ወደ ታች እየተንጠፈጠፈበት ይሣሣል። ስለዚህ በጃፓን አገር በ1980ዎቹ ለፋብሪካ በበቃው ዘዴ፣ አስቀድመው ጥቂት ካልሲየም ጨምረው በማማሰል ፈሳሹን እንደ አጥሚት ያወፍሩታል፤ ከዚያ በኋላ ዱቄቱን ጨምረው እንዲነፋ ይተዉትና በጊዜው ያቀዘቅዙታል። ቸኩለው ካቀዘቀዙት ሳይነፋ ይቀራል፤ ካዘገዩትም ይሟሽሻል። ክፍት አረፋ ለመሥራት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፤ ተራ ስፖንጅ ወስደው በኒኬል ይለብጡታል፤ ቀጥሎም ስፖንጁን በእሳት አቃጥለው ያጠፉታል፤ የኒኬሉ አጥንት ብቻ የስፖንጁን መልክ ይዞ ይቀራል።

አሁን ወደ አባቴ ድስት ልመለስ። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ያገኘሁት የብረታ ብረት መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ቀልጦ ያለ አሉሚኒየም ከእርጥበት የሚያገኘውን ሃይድሮጅን ይጠጣል፤ በሚረጋበት ጊዜ ግን ያንን ሁሉ መያዝ ስለማይችል መልሶ ይተፋዋል፤ የተተፋው ጋዝ መውጫ ሲያጣ በብረቱ ውስጥ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ተገረምሁ። የአባቴን ድስት ያበላሸው ጋዝና የመምህራችንን ቁራጭ የነፋው ጋዝ አንድ ነውና! ልዩነቱ አንዱ ሳይጠሩት መግባቱ፣ ሌላው ተጠርቶ፣ ተመዝኖና ሰዓቱ ተቆጥሮለት መግባቱ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አባቴ ሃይድሮጅን የሚባል ስም ሰምተው አያውቁም፤ ሆኖም እርጥብ ቁርጥራጭ ወደ ማቅለጫው አያስገቡም፤ ማማሰያውን ሳያሞቁ አይነክሩም፤ የቀለጠውንም ከመጠን በላይ አያግሉም። ይህን ሁሉ ከአሠሪያቸው በልጅነታቸው ተምረውታል። እኔ ስሙን ዐውቄ ሥራውን አላውቅም ነበር፤ እርሳቸው ሥራውን ዐውቀው ስሙን አያውቁም ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ባዶው ምን ሥራ ይሠራል? ክብደት ከመቀነስ በቀር ጥቅሙ ምንድን ነው?» ይሉኛል። መልሱን በሒሳብ ላሳይ። አንድ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ሰሌዳ አለን እንበል። ክብደቱን፣ ርዝመቱንና ወርዱን ሳንለውጥ፣ ከ5 እጅ አንዱ ብቻ ብረት የሆነ አረፋ ብናደርገው ውፍረቱ 5 ጊዜ ይጨምራል። አረፋው ራሱ ከደንዳናው ይለሰልሳል፤ በተለመደው ግምት የብረቱ ድርሻ ከ5 አንድ ሲሆን ግትርነቱ ከ25 አንድ ይሆናል። ይሁንና ሰሌዳ ሲጎብጥ የሚያሳየው ግትርነት በውፍረቱ ኩብ የሚያድግ ነው፤ 5 በ5 በ5 ሲባዛ 125 ነው። 125 ለ25 ሲካፈል 5 ይሆናል። እንግዲህ አንድ ግራም ብረት ሳንጨምር፣ ላለመጉበጥ 5 ጊዜ የበረታ ሰሌዳ አገኘን ማለት ነው። ይህን ያደረገው ባዶው ቦታ ነው፤ ብረቱን ከመካከል ወደ ዳር አራርቆታልና።

ሁለተኛው ሥራው ግጭትን መሸከም ነው። ብዙ ሰው «የድሮ መኪና ብረቱ ወፍራም ስለ ሆነ አይጨረመትም፤ ስለዚህ ሰው አይጎዳበትም» ሲል እሰማለሁ። እኔ ይህን ሐሳብ አደገኛ አድርጌ እቈጥረዋለሁ። እንቁላል ከደረት ከፍታ በድንጋይ ላይ ቢጥሉት ይሰበራል፤ በጭድ ክምር ላይ ቢጥሉት ግን ይተርፋል። ድንጋዩ ከጭዱ የጠነከረ ስለ ሆነ እንቁላሉን አላዳነውም። ጭዱ ያዳነው እየተጨፈለቀ ቀስ በቀስ ስላቆመው ነው። የብረት አረፋም እንዲሁ ነው፤ ሲጫኑት ግድግዳዎቹ በተራ በተራ እየታጠፉ፣ ኃይሉ ብዙ ሳይጨምር ከግማሽ ውፍረቱ በላይ ይጨፈለቃል። የግጭቱ ጉልበት ወደ ተሳፋሪው ሳይደርስ በዚያ ይበላል። የማይጨረመት መኪና ግጭቱን ሁሉ ለሰው ያስተላልፋል። በዚህ ረገድ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለመታጠፊያ የተተወ ቦታ ነው።

ሦስተኛው ሥራው ሙቀትን ማዘግየት ነው። በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር አፍሳነ ራቢኢ ውስጣቸው ባዶ የሆነ የብረት ድብልብሎችን በብረት አያይዘው የሠሩት አረፋ አለ። በ2016 በወጣው የምርመራቸው ውጤት፣ ባንድ ወገን 800 ዲግሪ ሙቀት ሲለቀቅበት፣ ደንዳናውን የማይዝግ ብረት ሙቀቱ በ4 ደቂቃ ሲያዳርሰው፣ ውፍረቱ እኩል የሆነውን አረፋ ለማዳረስ 8 ደቂቃ ወስዶበታል። አደገኛ ነገር በሚያመላልስ መኪና ላይ እሳት ሲነሣ 4 ደቂቃ ቀላል ጊዜ አይደለም።

ክፍት አረፋ ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። ከኒኬል የተሠራው፣ በውስጡ ብዙ ገጽ ስላለው፣ በኒኬልና በሃይድራይድ በሚሠሩ ባትሪዎች ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ቅመም ተሸክሞ ይይዛል። ከታንታለም የተሠራውም በሕክምና ላይ ይገኛል። የተሰበረን ወይም ያለቀን የዳሌ አንጓ ለመተካት ደንዳና ታይታኒየም ሲገባ፣ ብረቱ ከደንዳናው አጥንት እንኳ በ5 ጊዜ ያህል ስለሚገትር ሸክሙን ሁሉ ለብቻው ይወስዳል፤ ሥራ የፈታው አጥንት ደግሞ እየሣሣ ይሄዳል። ቀዳዳ ያለው ብረት ግን ግትርነቱ ወደ አጥንት ይቀርባል፤ አጥንቱም በቀዳዳዎቹ ውስጥ አድጎ ከብረቱ ጋር ይያያዛል። እዚህ ላይ ባዶው ቦታ ለሕያው አጥንት የተዘጋጀ ማደሪያ ነው።

እንዲህ ስል ግን የብረት አረፋ ለሁሉ ነገር መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። ሲጎትቱት ደካማ ነው፤ ስለዚህ ዕቃ አይንጠለጠልበትም። ቀዳዳዎቹን ሁሉ እኩል አድርጎ መሥራት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ሁለት ቁራጮች አንድ ዐይነት ጠባይ ላያሳዩ ይችላሉ። ዋጋውም ከተራ አሉሚኒየም እጅግ የበለጠ ነው። ድስት ለመሥራት ፈጽሞ አይሆንም፤ አባቴ ያሉት እውነት ነው። አዲስ ነገርን አዲስ ስለ ሆነ ብቻ ማድነቅ፣ ከባድ ነገርን ከባድ ስለ ሆነ ብቻ ከማመን የተሻለ ብልኅነት አይደለም። የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ ቀዳዳ በዚህ ቦታ ምን ሥራ ይሠራል?» የሚለው ነው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ይህ ሁሉ የባለ ፋብሪካ አገሮች ነገር ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ተከራከረኝ። እውነት ነው፤ ትምህርት ቤታችን የብረት አረፋ ሊሠራ አይችልም፤ እንዲሞክርም አልመክርም። የቀለጠ ብረት እርጥበት ሲነካው ይፈነዳል፤ ሃይድራይድ ዱቄቱም በእሳት የሚያያዝ ነው፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ከዚህ እንዲጠብቁ እለምናለሁ። ነገር ግን የብረት አረፋን ትምህርት ከያዝን ሌላ ነገር ልንሠራ እንችላለን፤ ይኸውም የተሰወረን ቀዳዳ መለካት ነው።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ይህን በፊዚክስ ክበባችን ሞክረናል። ያ የተመለሰው ድስት እንደገና ከመቅለጡ በፊት አባቴን ለምነን፣ ከጠርዙና ከሥሩ ሁለት ቁራጮች አስቈረጥን። እያንዳንዱን መጀመሪያ በአየር ላይ፣ ቀጥሎም በክር አንጠልጥለን በውሃ ውስጥ መዘንነው። የሁለቱ ሚዛን ልዩነት ቁራጩ ያስለቀቀውን ውሃ ክብደት ስለሚነግረን፣ ይዘቱን ከዚያ አገኘነው። የጠርዙ ቁራጭ ከውሃ 2.7 ጊዜ ከበደ፤ የሥሩ ግን 2.5 ጊዜ ብቻ ሆነ። ሁለቱ ከአንድ ቅልጥ የወጡ ስለ ሆኑ፣ ከሥሩ ብረት ውስጥ ከመቶ 7 እጅ ያህሉ በዓይን ያላየነው ቀዳዳ ነበር ማለት ነው። የድስቱ ሥር ወፍራም ስለ ሆነ ዘግይቶ ይረጋል፤ ጋዙም የተሰበሰበው በዚያ ነው።

ውጤቱን ለአባቴ በነገርኋቸው ጊዜ ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያም «ድስቱን ሳትቈርጡት እንዳለ ብታንጠለጥሉትስ ይታወቃል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ይህን አላሰብሁትም ነበር። «አዎን አባባ፤ ክሩና ሚዛኑ ከቻለው ይታወቃል» አልኋቸው። «እንግዲያው ከሸጥሁ በኋላ ሰው ፊት ከማፍር፣ ሳልሸጥ በፊት መርምሩልኝ» አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ 6 ድስት ይዘው መጡ። አንዱ ቀሎ ተገኘ፤ እርሱንም ያለ ቅሬታ ወደ እሳት መለሱት።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው አስተያየት ይህ ነው። መምህራኖቻችን እንደዚያ ቁራጭ ያለ ነገር ወደ ክፍል ሲያመጡልን ትምህርቱ ልባችን ውስጥ ይቀራልና፣ በያመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሳይንስ ክፍለ ጊዜያችን በአቅላጮች፣ በጋራጆችና በብሎኬት ሠሪዎች ዘንድ እንዲሆን ይደረግ። በእጃቸው የሚሠሩ ወላጆችም ወደ ትምህርት ቤታችን መጥተው የሚያውቁትን ይንገሩን፤ እኛም ስሙንና ልኩን እንንገራቸው። እኛ ተማሪዎችም በዐመድና በጥላሸት የሚሠራን ሰው ዝቅ አድርገን ማየታችንን እንተው፤ መጽሐፉ በ3 ገጽ የሚያስረዳውን ነገር እርሱ በአንድ ቃል «አድርቅ» ብሎ ይነግረናልና።

መጽሐፍ ብቻ ይዤ ብቀር ኖሮ ድስቱን እንዳለ ማንጠልጠል ትዝ አይለኝም ነበር፤ አባቴም ያለ ሚዛኑ ስድስተኛውን ድስት ሸጠውት ነበር። በትምህርት ቤትና በምድጃ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ማንም ሳይጠራው የመጣ ነውና፣ እርሱን ቀዳዳ በሚቀጥለው ዓመት ጠብበን እንድናየው ምኞቴ መሆኑን ገልጬ ጽሑፌን እፈጽማለሁ።